ያልተጻፈ ጥቅስ አታንብቡብን

በየግቢ ጉባኤው፣ በየፌሎሺፑ፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የጥያቄና መልስ ቀን ስም ሳይጻፍባት ተጣጥፋ የምትመጣ አንዲት ወረቀት አለች። «ግለ ወሲብ ኃጢአት ነው ወይ?» ትላለች። አንዳንዴ «የምጠይቀው ለጓደኛዬ ነው» የሚል ይታከልባታል። መድረክ መሪው ወረቀቷን ወደ መጨረሻ ይገፋታል። ሰዓት ሊያልቅ ሲል ያነባታል፤ አዳራሹ ይስቃል፤ መምህሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ይባላል፦ አውናን በዚህ ተቀሥፏል፣ ጤና ይጎዳል፣ ጸልዩበት። በቃ። ወደ መዝሙር።

እኔ አማኝ ነኝ። ይህን የምጽፈው «ቤተ ክርስቲያን መኝታ ቤታችን ውስጥ ምን ትሠራለች?» ለማለት አይደለም። አምላክ ሰው ሆነ ብሎ የሚያምን ሃይማኖት ስለ ሥጋ ዝም ይበል ማለት ራሱ አይገባኝም። ጠቤ ከሚሰጠው መልስ ጋር ነው። የመጀመሪያው መልስ መጽሐፉ የማይለው ነው። ሁለተኛውን ሕክምና አያውቀውም። ሦስተኛው እውነት ቢሆንም ጠያቂን ማሰናበቻ ሆኗል። ወረቀቷን የጻፈው ልጅ ግን የጠየቀው የምሩን ነው። ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄደው መልስም ከእግዚአብሔር ጋር ያለውን ነገር ለዓመታት ሊወስንበት ይችላል።

አውናን ምን አደረገ?

ዘፍጥረት 38ን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ አጭር ምዕራፍ ነው። የይሁዳ የበኩር ልጅ ዔር ትዕማርን አግብቶ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። በዘመኑ ሥርዓት ወንድሙ አውናን እሷን ወስዶ ለሟቹ ዘር መተካት ነበረበት። አውናን የሚወለደው ልጅ የእሱ እንደማይባል ያውቃል። ስለዚህ ወደ ትዕማር ይገባል፤ እንዳትጸንስ ግን ዘሩን ምድር ላይ ያፈሳል። እግዚአብሔርም ቀሠፈው።

ልብ በሉ፤ አውናን ብቻውን አልነበረም። ከሴት ጋር ነበር። ያደረገው ነገር የሚመሳሰለው ዛሬ አንዳንድ ባልና ሚስት እርግዝና ለመከላከል ከሚያደርጉት ጋር ነው እንጂ ከግለ ወሲብ ጋር አይደለም። በደሉም ፊት ለፊት ተቀምጧል፦ ባሏ የሞተባትን ሴት ገላዋን እየተጠቀመ መብቷን ነፈጋት። በዚያ ዓለም ልጅ የሌላት መበለት ጧሪም፣ ቤትም፣ ስምም የላትም። ምዕራፉ ሲቀጥል አማቷ ይሁዳ ራሱ ሦስተኛውን ልጁን ከለከላት፤ ቆይቶም ጋለሞታ መስላው አብሯት ተኛ። መጽነሷን ሲሰማ ትቃጠል ብሎ ፈረደ። ማስረጃው ሲቀርብለት ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ጻድቅ ናት ብሎ አመነ። ያቺ ትዕማር በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 በክርስቶስ የትውልድ ሐረግ ውስጥ በስሟ ተጠርታለች።

ሴት ስለተበደለችበት የተጻፈን ታሪክ «ዘር ስለማባከን» አድርገን ስናነበው ትዕማርን ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምንበድላት። እርግጥ ከጥንት አባቶች መካከል ጥቅሱን ወደ ዘሩ ያዞሩት አሉ። አውግስጢኖስ ግን ለምሳሌ ያነሣው ባልና ሚስት መውለድን እንዳይከለክሉ ለማስተማር ነበር። አውናንን የግለ ወሲብ አባት አድርጎ በስሙ የጠራው ዘመን በጣም የቀረበ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ኦሪት ዘር መፍሰሱን ራሱን እንዴት እንደሚያየው ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ዘሌዋውያን 15ን ይክፈት። ዘሩ የወጣበት ሰው ገላውን ይታጠባል፤ እስከ ማታ ድረስ ርኩስ ይሆናል። አበቃ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ደዌ ሆኖ ፈሳሽ የሚወጣው ሰው ሁለት ወፎች ለመሥዋዕት ያመጣል፤ ይኼኛው ግን መታጠብ ብቻ ነው። ዘሌዋውያን 18 እና 20 የሩካቤ ኃጢአቶችን አንድ በአንድ ሲዘረዝሩ የቅርብ ዘመድን፣ የሰው ሚስትን፣ እንስሳን ሳይቀር ይጠቅሳሉ። ግለ ወሲብ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

«ቀላጮች»

«እሺ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥9ስ?» ትሉኛላችሁ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መንግሥተ ሰማያትን ከማይወርሱት መካከል «ቀላጮች» የሚላቸው አሉ። «ቀላጭ ማለት ይህን የሚያደርግ ነው» እያሉ የሚያስተምሩ ሰባኪዎች ሞልተዋል።

ግሪኩ «ማላኮይ» ነው፤ ትርጉሙ ለስላሳ፣ የለዘበ ማለት ነው። ያው ቃል በማቴዎስ 11፥8 ስለ ነገሥታት ቤት ልብስ ተነግሯል። ጳውሎስ በዚህ ቦታ ምን ማለቱ እንደሆነ ተርጓሚዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አብዛኞቹ ግን በወንድና በወንድ መካከል ከሚደረግ ነገር ጋር ያያይዙታል። በኋለኛው ዘመን ግሪክኛ ከዚሁ ሥር የወጣው «ማላኪያ» የግለ ወሲብ ስም መሆኑ እውነት ነው። ቶማስ አኲናስም በላቲን ተመሳሳዩን ቃል ለዚሁ ተጠቅሞ ድርጊቱን ከተፈጥሮ ጋር ከሚጋጩ ኃጢአቶች መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ «የለም፣ ማንም እንዲህ አንብቦት አያውቅም» ብዬ አልዋሽም። የምለው ይህን ነው፦ ሊቃውንት በማይስማሙበት አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ የ16 ዓመት ልጅን «መንግሥተ ሰማያት ተዘግቶብሃል» ማለት ድፍረት ነው።

ደግሞ ኃጢአት ነው ያሉትም ቢሆኑ ክብደቱን ለይተዋል። በቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በዮሐንስ ጾሚው ስም የሚጠራው የግሪኮች ቀኖና ለዚህ ድርጊት የሚያዝዘው የ40 ቀን ደረቅ ምግብና በየቀኑ 100 ስግደት ነው። ለዝሙትና ለምንዝር ግን በዓመታት የሚቆጠር ቅጣት ነበር። ቀኖናው ከኬልቄዶን በኋላ የመጣ ስለሆነ የእኛ አይደለም። ሚዛኑን ግን እዩት፤ እንዲህ ያለ ሚዛን በእኛ የጥያቄና መልስ መድረክ ላይ አይታይም። እኛ ጋ ሁሉም ነገር አንድ ነው፤ ሁሉም ገሃነም ነው።

ፍርሃቱን ማን ሸጠው?

ዓይን ያሳውራል። ጉልበት ይጨርሳል። መሃን ያደርጋል። ጭንቅላት ያደርቃል። እነዚህን ሁላችንም ሰምተናቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ነው የተነገሩን። ታሪካቸው ግን ከገዳም የመጣ አይደለም።

በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ «ኦናኒያ» የሚባል፣ የደራሲው ስም ያልተጻፈበት ጽሑፍ ታተመ። የአውናንን ስም ለግለ ወሲብ ሰጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ይህ ነው። ጽሑፉ በሽታዎቹን ከዘረዘረ በኋላ መድኃኒቱን ያስተዋውቃል፤ ፈሳሽም አለ፣ ዱቄትም አለ፣ በዋጋ። አዎ፣ ማስታወቂያ ነበር። ቀጥሎ ስዊዛዊው ሐኪም ቲሶ እ.ኤ.አ. በ1760 በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን የሳይንስ ካባ አለበሰው፤ ዘር መፍሰስ ሰውነትን ያመነምናል አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሃርቪ ኬሎግ፣ በኮርን ፍሌክሱ የምናውቀው፣ ወንዶች ልጆች ያለ ማደንዘዣ እንዲገረዙ፣ ሴቶች ልጆች ደግሞ ብልታቸው ላይ የሚያቃጥል አሲድ እንዲቀባ መከረ። ይህን ሁሉ ያደረገው ልጆችን «ለማዳን» ነው።

ዛሬ ሕክምናው ግልጽ ነው። ግለ ወሲብ አያሳውርም፣ አያመክንም፣ አያሳብድም። የወንድ ዘር በየቀኑ ይመረታል፤ ያልወጣውን ሰውነት ራሱ አፍርሶ ያስወግደዋል። «የሚያልቅ ጎተራ» የለም። ታዲያ በ300 ዓመት የቆየ የመድኃኒት ማስታወቂያ የምንሰብከው ለምንድን ነው?

«ሱስ ነው» የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች መዘርዝሩ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የወሲብ ባሕርይን እንደ ሕመም መዝግቧል፤ ስለዚህ ችግሩ የለም አይባልም። ነገር ግን እዚያው ላይ አንድ ገደብ አስቀምጧል፦ የሰውየው ጭንቀት ሙሉ በሙሉ የመነጨው ድርጊቱን ስለሚያወግዝ ብቻ ከሆነ ያ ለሕመሙ ማረጋገጫ አይበቃም። በሌላ አነጋገር «ሱሰኛ ነኝ» ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። አንዳንዱን ያሳመመው የነገርነው ነገር ነው። በእሱ ላይ «የዝሙት መንፈስ ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ ለሴቷ ደግሞ «የባሕር ባል ይዟት ነው» ስንጨምርበት አስቡት። ገላዋን ያወቀችበትን ቀን ጋኔን የገባባት ቀን አድርጋ የምትቆጥር ልጅ እናሳድጋለን።

ዝምታ ፈቃድ አይደለም

እስካሁን ያነበበ የዘመኔ ሰው እያጨበጨበ ሊሆን ይችላል። «በቃ! ጥቅስ የለም፣ ጉዳት የለም፣ ተፈጥሯዊ ነው፤ አለቀ» ሊለኝ ነው። ከእሱም ጋር ጠብ አለኝ።

«ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ቁጣም ተፈጥሯዊ ነው፤ ስንፍናም። «ጥቅስ የለም» ማለትም መልስ አይደለም፤ ስለ ኮንትሮባንድም በስም የተጻፈ ጥቅስ የለም። መጽሐፉ በስም ያልጠራውን ነገር የምንዳኘው በስም በጠራቸው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ማቴዎስ 5፥28 አለ። ክርስቶስ ምኞትን ከእጅና ከእግር አውጥቶ ልብ ውስጥ አስቀመጠው፤ ሌላን ሰው በዓይን ዕቃ ማድረግን ከምንዝር ቆጠረው። ይህን ጥቅስ የሚያመልጥ ክርስቲያን የለም።

ከሁሉ የጠነከረ ተቃውሞ ያገኘሁት ከሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ለጠየቀው ሰው በጻፈው ደብዳቤ ስለ ሕክምናም ስለ አውናንም አልተጨነቀም። የተጨነቀው ስለ አቅጣጫው ነው። ፍትወት የተሰጠን ከራሳችን አውጥቶ ወደ ሌላ ሰው እንዲወስደን ነው፤ ይህ ልማድ ግን መልሶ ወደ ራሳችን ይልከናል ይላል። በሐሳብ የምንፈጥራቸው ሰዎች ሁልጊዜ እሺ ባዮች ናቸው፤ ምንም መሥዋዕትነት አይጠይቁም፤ እውነተኛ ሰው ደግሞ ከእነሱ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ይህ ሊመለስ የሚገባው ክርክር ነው። የመድረክ መምህሮቻችን ይህን ቢያስተምሩን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ።

ስለ ፖርኖግራፊም የማልሸፋፍነው ነገር አለኝ። ስልክ ላይ የሚሠራ ነገር መጻፍ እንጀራዬ ነው፤ ሰው ስክሪን ላይ እንዲቆይ ተብሎ ምን ያህል እንደሚለካ፣ እንደሚሞከር፣ እንደሚስተካከል አውቃለሁ። ከስክሪኑ ወዲያ ያለችው ሴት ፈቅዳ ይሁን ተገድዳ፣ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ፣ ምስሉ እንዲወጣ ታውቅ እንደነበር ተመልካቹ ማወቂያ የለውም። ሳያውቅ ግን ይጠቀምባታል። አውናንን አስታወሳችሁ? የሰውን ገላ ወስዶ ሰውየዋን መተው። እውነተኛው የአውናን ኃጢአት ዛሬ ካለ እዚያ ነው ያለው።

ጥንቃቄ ነጻ አይደለም

«እሺ፣ አጠራጣሪ ከሆነ ለጥንቃቄ ኃጢአት ነው ብንል ምን ይጎዳል?» ይህን ብዙ ቅን ሰዎች ይሉታል። እዚህ ጋ ነው ትልቁ ስሕተት።

የኢሜይል ማጣሪያ አስቡ። አንድም አጭበርባሪ መልእክት እንዳያልፍ ከፈለጋችሁ ቀላል ነው፤ ሁሉንም አግዱ። ማጣሪያው መቶ በመቶ «ጥንቁቅ» ይሆናል፤ የሥራ ቅጥር ደብዳቤያችሁም አብሮ ይቀራል። ማንኛውም ውሳኔ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለው፦ ጥፋተኛውን ማሳለፍና ንጹሑን ማገድ። አንዱን ወደ ዜሮ ስታወርዱት ሌላው ይወጣል። «ለጥንቃቄ» የሚሉ ሰዎች የሚቆጥሩት አንዱን ስሕተት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የት እንዳለ ልንገራችሁ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ ጠዋት ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉትን እዩ። ሕፃናትና አረጋውያን። መሐል ላይ ያለው ትውልድ፣ ከ15 እስከ 40 ያለው፣ ቆሞ ያያል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን «እኔ እንዲህ እያደረግሁ እንዴት እቆርባለሁ» የሚለው ዝም ያለ ምክንያት አንዱ እንደሆነ የዕድሜ እኩዮቼ ያውቁታል። ለንስሐ አባቱ መንገር ያፍራል፤ ስላልተናገረ ይርቃል፤ ስለራቀ «አንዴ ከተበላሸሁ» ብሎ ወደ ባሰው ይሄዳል። በጴንጤው ወገን ደግሞ ጊታሩን አስቀምጦ ከአገልግሎት ቡድኑ በዝምታ የሚወጣ አለ። ቤት ኪራዩ ጋብቻን ወደ ሠላሳዎቹ በገፋበት ከተማ ይህ የጥቂት ወራት ጉዳይ አይደለም፤ 15 ዓመት ነው። ክርስቶስ በማቴዎስ 23 የማይነሣ ሸክም በሰው ትከሻ ላይ የሚጭኑትን ሲነቅፍ ስለ ጥንቁቆች ነበር የተናገረው።

ይህ ክርክር አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1577 ስፔናዊው ዶሚኒካን ባርቶሎሜ ዴ ሜዲና በእርግጠኝነት በማይታወቅ ጉዳይ ላይ ሰው በቂ ምክንያት ያለውን ሐሳብ መከተል ይችላል፤ ተቃራኒው የበለጠ ምክንያት ቢኖረውም እንኳ፣ ብሎ ጻፈ። ሌሎች ሐሳቡን ለጠጡት፤ ፓስካልም እ.ኤ.አ. በ1656 እና 57 በደብዳቤዎቹ ተሳለቀባቸው። ከዚያ ሮማ ሁለቱንም ጫፍ ቆረጠች። እ.ኤ.አ. በ1679 ፖፕ ኢኖሰንት 11ኛ የለዘብተኞችን ትምህርት ሲያወግዙ «ግለ ወሲብ በተፈጥሮ ሕግ አልተከለከለም» የሚለውም አብሮ ተወገዘ። እ.ኤ.አ. በ1690 ደግሞ ፖፕ አሌክሳንደር 8ኛ «እጅግ ሊሆን የሚችለውን ሐሳብ እንኳ መከተል አይፈቀድም፤ ሁልጊዜ ጠባቡን ያዝ» የሚሉትን አወገዙ። ካቶሊክ ስላልሆንኩ ውሳኔው አያስረኝም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ልቅነት ስሕተት እንደሆነ ሁሉ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄም ስሕተት ነው። የዛሬው የካቶሊክ ትምህርተ ሃይማኖትም ድርጊቱን ከባድ መዛባት ብሎ ካወገዘ በኋላ፣ አለመብሰል፣ የልማድ ኃይል፣ ጭንቀት የሰውየውን ተጠያቂነት እጅግ ሊያሳንሱት እንደሚችሉ ይጨምራል። ከወግ አጥባቂዎቹ ፕሮቴስታንቶች አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ጄምስ ዶብሰን ደግሞ በ1970ዎቹ ለታዳጊዎች ሲጽፍ ነገሩ በእግዚአብሔር ዘንድ ያን ያህል ትልቅ ጉዳይ አይመስለኝም ብሏል። እነዚህ ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ።

አትናቴዎስ የጻፈው

«የእኛ አባቶችስ?» ለሚል አንድ ደብዳቤ አለኝ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጵጵስና ሾሞ ወደ አክሱም የላከው ቅዱስ አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ዘመን አሞን ለሚባል መነኩሴ ጽፏል። ጥያቄው ሌሊት ያለ ፈቃድ ስለሚፈስ ዘር ነበር፤ መነኮሳቱ ታውከዋል። አትናቴዎስ የእግዚአብሔር ሥራ ርኩስ አይደለም አላቸው፤ ነገሩን ከንፍጥና ከምራቅ ጋር አነጻጸረው። ይባስ ብሎም፣ በዚህ መታወኩ ራሱ ከተሻለ ሐሳብ ሊያናጥባችሁ የመጣ የጠላት ተንኮል ነው አለ።

ደብዳቤው ስለ ሕልመ ሌሊት እንጂ ሆን ተብሎ ስለሚደረግ ነገር አይደለም፤ ያንን ልዩነት አልደብቅም። በዚያ ቀን ከመቁረብ የመቆጠብ ሥርዓታችንንም አልከራከርም፤ ሥርዓት ኩነኔ አይደለም። የምፈልገው አትናቴዎስ ያሳየውን የአፈራረድ መንገድ ነው። አንድ ዓይነት ድርጊት በጊዜውና በሁኔታው ሊለያይ ይችላል ብሎ የጦር ሜዳን ምሳሌ ያመጣል፤ መግደል የተከለከለ ሆኖ ሳለ በጦርነት ጠላትን የገደለ ይመሰገናል። ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን መቼ፣ ለምን፣ በምን ሁኔታ የሚለውን እዩ ማለቱ ነው። የአንድምታ መምህሮቻችንም ለአንድ ንባብ «አንድም፣ አንድም» እያሉ ሲደረድሩ የኖሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ቤት ለወጣቶቹ ጥያቄ ሲሆን ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚኖረው ለምንድን ነው?

ታዲያ እንዴት እንወስን?

ከሮሜ 14 እና ከቆሮንቶስ መልእክቶች የምወስዳቸው ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ጥቅሱ በእርግጥ ይላል ወይስ እኛ ነን ያልነው? ሁለተኛ፣ በዚህ ነገር የሚጎዳ ሌላ ሰው አለ ወይ? ሦስተኛ፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥12 መሠረት፣ ማን ማንን እየገዛ ነው? አራተኛ፣ የሉዊስ ጥያቄ፦ ወደ እውነተኛ ሰው እያቀረበኝ ነው ወይስ እያራቀኝ? አምስተኛ፣ የሮሜ 14፥23፦ ይህን እያደረግሁ በእግዚአብሔር ፊት መቆም እችላለሁ ወይስ ኅሊናዬን እየረገጥኩ ነው?

«ሮሜ 14 ስለ ምግብ ነው፤ ጳውሎስ ራሱ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ሆድንና ገላን ለይቷል» የሚለኝ ሰው ልክ ነው። ገላ ከጎመን ይበልጣል። ለዚህም ነው «እንደ ምግብ ነው፣ ተዉን» የማልለው። ዝሙትን ጳውሎስ ለማንም ኅሊና አልተወውም። ግለ ወሲብ ከዝሙት ይቆጠራል ወይ የሚለው ግን ራሱ ያልተዘጋ ጥያቄ ነው፤ ባልተዘጋ ጥያቄ ላይ ደግሞ የእርግጠኝነታችን ልክ ከማስረጃችን ልክ መብለጥ የለበትም።

ጥያቄዎቹን በሰው ላይ እንያቸው። ገላው ገና እየተለወጠ ያለ የ14 ዓመት ልጅ አለ። ሚስቱ አጠገቡ ተኝታ በየሌሊቱ ስልኩን ይዞ ሳሎን የሚያመሽ ባል አለ። ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ ባሏን ለዓመታት ያላየች፣ እሱን እያሰበች የምታድር ሚስት አለች። ድርጊቱ የአንድ ስም ነው። የ14 ዓመቱ ልጅ የሚያስፈልገው እውነትና እርጋታ ነው። ባልየው የሚስቱን ወስዶ ለስክሪን እየሰጠ ነው፤ «ይህ በደል ነው» ሊባል ይገባዋል። ሴትዮዋን «አንቺም አውናን ነሽ» የሚላት ሰው ግን መጽሐፉንም እሷንም አያውቅም። ሦስቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚመልስ መምህር አንዳቸውንም አልመለሰም።

የእኔን ፍርድ ለምትጠብቁ፦ ፖርኖግራፊ ያለበት፣ የሰው ድርሻ የሚወሰድበት፣ ሰውየውን ባሪያ ያደረገ ሁሉ ኃጢአት ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። ከዚያ ውጭ ያለው በኅሊና የሚያዝ፣ ከጥሩ ንስሐ አባት ወይም መጋቢ ጋር የሚመከርበት፣ ሰው ሊያድግበትና ሊተወው የሚችል ድካም ነው። ከቁርባን የሚያባርር፣ ከአገልግሎት የሚያስወጣ፣ ጋኔን የሚያስጠራ አይደለም። መተው የሚፈልግ ሰው ይተወው፤ ጾሙም ጸሎቱም ለዚህ ነው። በፍርሃት ሳይሆን ለተሻለ ነገር ብሎ ይተወው።

«ወጣቱን ካላስፈራራነው ይበላሻል» የምትሉ፣ የምታጡትን ቁጠሩ። ስለ ዓይን መታወር የዋሻችሁት ልጅ ጎግል አድርጎ ያረጋግጣል። ስለ አውናን የነገራችሁትን ከፍቶ ያነባል። ከዚያ ስለ ፖርኖግራፊ እውነቱን ስትነግሩት አያምናችሁም። የሠራተኛዋን ደሞዝ ስለሚበላ አሠሪ፣ ጉቦ ስለሚቀበል ባለሥልጣን፣ ያስረገዛትን ልጅ ስለሚክድ ወንድ በመድረክ የተጠየቀበትን ቀን ያላየ ልጅ፣ እግዚአብሔር የሚያየው መኝታ ቤቱን ብቻ ነው ብሎ ያድጋል። የዋሻችሁት ለእግዚአብሔር ብላችሁ ነው፤ የሚከስረው ግን የእግዚአብሔር ስም ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወረቀቷ ስትመጣ ሰዓት ሳያልቅ አንብቧት። የምታውቁትን «እናውቃለን» በሉ፣ የማታውቁትን «አናውቅም» በሉ። ያልተጻፈ ጥቅስ ግን አታንብቡብን።